ጣውንቴና ሦስት ሰንሰለቶቿ

ባሌ ሸውቂ ሁለት ሚስቶች አሉት። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ ከመስኮታችን ሥር ታስራ የምትውለው ሞተር ሳይክል ናት። በዕድሜም በማዕረግም ትበልጠኛለች። እንግሊዞች ለቀው ሲወጡ አጎቱ ከጦር ሰፈራቸው በጨረታ ገዟት፤ እሳቸው ሲሞቱ ለሸውቂ ደረሰች፤ ይኼ ሁሉ የሆነው እኔን ከማግባቱ በፊት ነው። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ መንገድ የገባሁትም በእሷ ጀርባ ላይ ነበር። ያን ዕለት የነጭ ቀሚሴን ጫፍ በዘይት አበላሸችብኝ፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣውንቴ ብያታለሁ።

ዘይት ማንጠባጠብ አመሏ ነው። ሸውቂ ግን ይህንንም እንደ ሙያ ይቆጥርላታል። ማንጠባጠቧን ካቆመች ነው መፍራት፣ ያኔ ዘይቷ አልቋል ማለት ነው ይላል። እኔ አንድ ቀን ሻይ ጠረጴዛ ላይ ባንጠባጥብ ግን የሚለውን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።

እስክንድርያ ውስጥ የምንኖረው ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው። ጨዋማው አየር ብረት ይበላል፤ የመስኮቱን ዘንግ፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ እንጀራዬን የማገኝባትን የስፌት መኪናዬን እንኳን አልማረልኝም። ጣውንቴ ላይ ግን አንዲት የዝገት ነጠብጣብ አታገኙም። ሸውቂ ከሥራ ሲመለስ፣ ፊቱን እንኳን ሳይታጠብ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ከመሪዋ እስከ ጭስ ማውጫዋ ያሻታል። እኔ ወገቤን አሞኝ «እስቲ እሸኝ» ስለው እጁን ሁለት ጊዜ ሳያመላልስ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ጥበቃውማ አይወራ። ግድግዳው ውስጥ በገዛ እጁ በሲሚንቶ የቀበረው የብረት ቀለበት አለ፤ ሰንሰለት በእሱ አሳልፎ ከኋላ ጎማዋ ጋር ይቆልፋታል። ይኼም አልበቃው ብሎ እሳት የምትለኩስላትን ካንዴላ ይነቅልና ኪሱ ይከታታል። ሰንሰለት የሚበጥስ ሌባ ሞልቷል፣ ያለ ካንዴላ የሚያስነሳት ግን ገና አልተወለደም ይላል። በዚህ የተነሣ የሸሚዞቹ ኪስ ሁሉ ጥቁር ነው፤ አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

በእኛ መንገድ ደግሞ ሰንሰለት ነውር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ስለሆነ ማንም የእጅ ፍሬን አይዝም፣ ማርሽ አስገብቶ የሚሄድም የለም። መውጣት የፈለገ የጎረቤቱን መኪና ገፋ አድርጎ ይወጣል። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ወንዶቹ ተጠራርተው ሁሉንም ወደ መስጊዱ ጥግ ይገፉና ድንኳን ይተከላል። እንግዲህ በዚህ መሐል የእኛዋ ብቻ እንደ እስረኛ በሰንሰለት ታስራ ትቆማለች። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት የመርከብ ገመድ ነጋዴው ሀጂ ባዩሚ አንድ ቀን ከሰገነታቸው ሆነው «ሸውቂ፣ እኛን ሌባ ማለትህ ነው?» አሉት።

«እናንተንስ አምናለሁ፣ ሀጂ። የማላምነው እሷን ነው» አላቸው።

ሀጂ እየሳቁ ገቡ፤ ነገሩ ግን በሆዳቸው እንደቀረ እኔ አውቃለሁ።

ኸምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ አቧራውን ባስነሣበት ሰሞን ሸውቂ ደረቱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ካይሮ ወሰድነው፤ ልቡ ተከፍቶ መጠገን አለበት ተባለና ቀን ተቆረጠለት። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሱን ይናዘዝ ነበር። የእኔው ባል ግን ሊተኛ ከመሄዱ በፊት ሞተሯ አጠገብ ወንበር አስወጥቶ እኔን ሲያስጠና ዋለ። ቤንዚኗ በየት እንደሚከፈት፣ ካርቡራተሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ጣቴ እስኪረጥብ እንደምትጫን፣ ካንዴላዋ በሽቦ ብሩሽ እንደምትጠረግ፣ መርገጫዋ እንዳትመልስብኝ እግሬን እንዴት እንደማሳርፍ ነገረኝ። «በሳምንት አንዴ ካላስነሣሻት ትሞታለች። አደራ፣ የዋሂድ እናት፣ ስመለስ እዚሁ ቆማ ልያት» አለኝ በልጃችን ስም ጠርቶ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። እንባው ለእሷ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

የልቡ ሥራ አልሐምዱሊላህ በደህና አለቀ። ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ቆፍጣና ሴት፣ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። ልቡ አዲስ ስፌት ነው፤ ለጥቂት ወራት ድንጋጤ የሚባል እንዳይነካው፤ ክፉ ወሬ ከመጣ እኔው ጋ ይቅር አለችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ይኼ ለእኔ ማብራሪያ አያሻውም። አዲስ ስፌት ከተወጠረ ይተረተራል።

ከዚያ በኋላ ግማሹን ሳምንት ካይሮ፣ ግማሹን እስክንድርያ ሆንኩ። እቤት በዋልኩበት ቀን ቀሚሴን ሰብስቤ ጣውንቴን አስታምማለሁ። መጀመሪያ ናቀችኝ። ረገጥኳት፣ ዝም። እንደገና ረገጥኳት፣ መርገጫዋ ተመልሶ ቅልጥሜን አለኝና የማላውቀውን ስድብ ሁሉ አወቅኩ። ቁልፏን ጣቴ እስኪረጥብ ተጭኜ እንደገና ብረግጣት እንደ በሽተኛ ሳለች፣ ከዚያ ያዘችና ዱግ ዱግ ማለት ጀመረች። ሴቶቹ ከየመስኮቱ አጨበጨቡልኝ። ኮርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ካይሮ ስሄድ ሸውቂ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው፦ ሳለች ወይ፣ ጭሷ ምን ዓይነት ነው፣ ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች ወይ። በልተሻል ወይ የሚለው በኋላ ይመጣል፣ እሱም ከመጣ።

ይወጣል የተባለበት ቀን ሲቃረብ አዲስ ዘይት ይዛ ትጠብቀው ብዬ አሮጌውን ቀዳሁ። ከሥር ያለው የዘይት መዝጊያ ብሎን ቀለበት የመሰለች የመዳብ ሮንዴላ አለችው። መዳብ ሲቆይ ይደርቃል፤ ሸውቂ ሁልጊዜ እሳት ላይ እስክትቀላ ያግላትና ውኃ ውስጥ ይጨምራታል፣ ያኔ ትለሰልስና ዘይት አታሳልፍም። ይህንንም አስጠንቶኛል። ነገር ግን እሳቴ አንድ ብቻ ነው፤ በእሱም ላይ ካይሮ የምወስድለት ሙሉኪያ፣ የአገራችን የቅጠል ወጥ፣ ተጥዷል። ሙሉኪያ ደግሞ ክብር ትፈልጋለች። የጠበሱትን ነጭ ሽንኩርት ሲጨምሩባት ወጥ ሠሪዋ እንደደነገጠ ሰው ትንፋሿን «ህእ!» ብላ መሳብ አለባት፣ ያለዚያ አትጣፍጥም። ይህን ሁሉ ጥዬ ለአንዲት ሮንዴላ ብዬ ድስት ላወርድ ነው? ማን ያየኛል አልኩና እንዳለች መለስኳት።

አዲሱን ዘይት ሞልቼ ከጨረስኩ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ በመጨረሻው ቀን ብትሰረቅ ምን ይውጠኛል? ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሄጄ መልሕቅ የሚጎተትበት ሁለት ወፍራም ሰንሰለት አመጣሁ። አንዱን በፊት ጎማዋ፣ አንዱን በወገቧ አሳልፌ ከግድግዳው ቀለበትና ከመብራቱ ምሰሶ ጋር ጠፈርኳት። የሸውቂ ሰንሰለት ሲጨመር ሦስት ሆነ። ሸራዋን አለበስኳት፤ ካንዴላዋን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩ፤ ቁልፎቹን በአንገቴ አንጠለጠልኩ። ሀጂ ባዩሚ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «የዋሂድ እናት፣ መርከብ ነው እንዴ ያቆምሽው?» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይበሉኝ ብዬ ባቡሬን ያዝኩ።

ከሆስፒታሉ ለመውጣት ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ መድኃኒቱ እያሉ ሲያጉላሉን ሰነበትን። በመጨረሻ ሸውቂን ደግፌ እስክንድርያ ገባን። ታክሲው የመንገዳችን አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ድንኳን ነው። ቀይና ሰማያዊ ጥልፍ ያለው ሸራ ከሕንፃ ሕንፃ ተወጥሯል፣ አምፖል ተደርድሯል፣ ወንበር እየወረደ ነው። የሀጂ ባዩሚ ልጅ ናህላ የምታገባው መርከበኛ ነበር፤ መርከቡ ከታሰበው ቀድሞ ሊነሣ ስለሆነ ሠርጉም ቀድሞ ለዛሬ ሆኗል ብለው ነገሩን። ሸውቂን እየሳሙ፣ አላህ ይመስገን እያሉ ቀስ አድርገው አሳለፉን።

ከመስኮታችን ሥር ደረስን። ጣውንቴ የለችም። በቆመችበት ቦታ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የሙሽሮቹ መድረክ ተተክሏል፤ እስከ መሬት ቀይ ጨርቅ ለብሷል፣ ከላዩ ሁለት ባለ ወርቅ ቀለም ወንበር ተቀምጦበታል።

ሸውቂ ቆመ። ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሐኪሟ ጆሮዬ ላይ የጮኸች መሰለኝና ምላሴ ቀደመኝ፦ «ለሠርጉ ብለው ከመኪኖቹ ጋር ወደ መስጊዱ ጥግ ገፍተዋታል።»

«እሺ» አለ። ዝምታው ደክሞት ነው ብዬ ወደ ቤት አወጣሁት፣ አስተኛሁት፣ ትራሱን አስተካከልኩለት። ሦስት ሰንሰለት ያለባትን ሞተር ማንም ሊገፋት እንደማይችል እኔ አውቃለሁ። ቁልፎቹ አንገቴ ላይ ናቸው።

ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁና በመስጊዱ ጥግ የተገፉትን መኪኖች አንድ በአንድ አየሁ። የለችም። የዳቦ ቤቱ ጓሮም የለችም፣ የገመድ መጋዘኑም በር ላይ የለችም። ሰው መጠየቅ ፈራሁ። እኛ መንገድ ላይ ወሬ እግር ብቻ ሳይሆን ክንፍም አለው፤ አንዲቷን ሴት «ሞተሯን አይተሻል?» ብላት እኔ ደረጃዬን ሳልጨርስ ሁሉም «ወይኔ የሸውቂ ሞተር!» እያለ አልጋው ድረስ ይመጣ ነበር። ፖሊስ ጋ ብሄድ ደግሞ ባለቤቱን አምጪ ይለኛል። ስለዚህ አፌን ዘግቼ፣ ለሚስቀው እየሳቅኩ፣ ዓይኔን በየጥጉ ላክሁት። ጉድጓድ ውስጥ ያለች ይመስል ታክሲ ሥር ሁሉ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አደራ በላ ሆንኩ አልኩ በሆዴ። አርባ ዓመት ጥፊ፣ ተሰረቂ፣ ባሕር ግቢ ስላት ኖሬ፣ አላህ ልመናዬን የሰማኝ ዛሬ ነው?

ስመለስ ሸውቂ ተነሥቶ ሸሚዙን ቀይሯል። ሀጂ ባዩሚ ራሳቸው መጥተው ያለ ሸውቂ ልጄን አልድርም ብለዋል። ከልክዬ አልቻልኩም። ወንዶቹ ከነወንበሩ አንሥተው አወረዱትና የክብር ቦታ ብለው ከመድረኩ ፊት ለፊት አስቀመጡት። እኔም ቦርሳዬን ታቅፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ካንዴላዋ በመሐረቡ ውስጥ ትቆረቁረኛለች። ሸውቂ ግድግዳው ላይ ዓይኑን ይተክልና ወዲያው ወደ እኔ ይመልሳል። ጣፋጩ የሠርግ መጠጥ ሻርባት መጣ፣ ለእኔ እንደ ኮሶ መረረኝ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሙሽሮቹ በከበሮና በእልልታ ገቡ። ሰው ሁሉ በመድረኩ ይሳለቃል፤ እንደዚህ ያለ ከፍታ ማንም አይቶ አያውቅም። ናህላን ሁለት አክስቶቿ ከኋላ ገፍተው፣ ሙሽራው ከፊት ጎትቶ አወጧት። ከጀርባዬ አንዷ «ሀጂ ልጃቸውን ሊድሯት ነው ወይስ ጣሪያ ሊያስጠግኗት?» አለች። ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየኋቸው።

ዘፈኑ ሲጀመር ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። የሆነ ጥቁር ነገር አየሁ። ከቀዩ ጨርቅ ሥር ቀጭን መስመር ወጥታ፣ በመንገዱ ቁልቁለት ቀስ እያለች፣ ፊት ለፊት ወደተቀመጠችው የሙሽራው እናት ነጭ ጫማ ትሄዳለች። ያቺን መስመር በየትኛውም አገር ባያት አውቃታለሁ። ከነጭ ልብሴ ላይ አጥቤያታለሁ፣ ከደረጃዬ ላይ ፈግፍጌያታለሁ፣ አርባ ዓመት ረግሜያታለሁ።

«ህእ!» አልኩ። ለሙሉኪያ እንኳን እንዲህ አድርጌ ትንፋሼን ስቤ አላውቅም።

ምን ነካት ሳይሉኝ ተንበርክኬ ቀዩን ጨርቅ ገለጥኩና ራሴን አስገባሁ። ቆማለች። ሸራዋን እንደለበሰች፣ ሦስቱም ሰንሰለት እንዳለ፣ ጎማዋ ንቅንቅ ሳይል፣ ሙሽሮቹን በላይዋ ተሸክማ ቆማለች። የጎማዋን ብረት አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረግኩት። ከላዬ ላይ እየጨፈሩ ስለነበር የሰማኝ የለም።

ስወጣ ሀጂ ባዩሚ ከአጠገቤ ቆመዋል። ድንኳን ተካዮቹ ሞተሯን ሊገፉ መጥተው እንዳቃታቸው፣ ሰንሰለቱ በመጋዝ ይቆረጥ ሲሉ እሳቸው እንደከለከሉ ነገሩኝ። «የሸውቂን አደራ አስቆርጬ ልጄን ልድር? ከፍ አድርጋችሁ በላይዋ ሥሩት አልኳቸው። አንቺ ስትመጪ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር፣ አልጠየቅሽኝም» አሉኝ። ሌባ ነው ብዬ ያሰብኩትን ሰው ሁሉ በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኩ። የሀጂንም እጅ ሳምኩ፣ እሳቸውም አፈሩ።

ሮጬ ሸውቂ ጋ ሄድኩ። አሁን ምሥራች ነው፣ ምሥራች ደግሞ ስፌት አይተረትርም። እጁን ይዤ ሁሉንም አፈረጥኩለት፦ ስንመጣ እንዳጣኋት፣ እንደዋሸሁት፣ መስጊዱ ጥግ እንዳልነበረች፣ እዚሁ መድረኩ ሥር መሆኗን። ከቦርሳዬ መሐረቡን አውጥቼ ካንዴላዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ካንዴላዋን አየት አድርጎ ጣቶቹን አጠፈባት። «ሸጠሻት መስሎኝ ነበር» አለ።

«ማንን?»

«እሷን ነዋ። ለሕክምናዬ። መግፋት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ቀለበቱን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ገፍተዋታል ስትይኝ፣ ጨንቋት ሸጣታለች፣ እንዳልደነግጥ ነው የምትዋሸኝ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ እንዳትደነግጪ።»

የታጠፉት ጣቶቹ ላይ እጄን ጫንኩና «ልብህስ? ልብህ ምን አለች?» አልኩት።

«ልቤማ ቅር አላት፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ትራሴን ስታስተካክዪልኝ አየሁሽ። ከሁለቱ አንዷ ብቻ የምትቀር ከሆነ እንኳንም የቀረችው አንቺ ሆንሽ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምንም አላመመኝም።»

ይህንን ከሰማሁ ወዲህ ማልቀሴን እንዳልነግራችሁ ይፈቀድልኝ። የሙሽራው እናት ነጭ ጫማ ግን አልተረፈም። ወዲያው በሳሙና አሸሁላት፣ ቀሚሷንም በነፃ ላስተካክልላት ቃል ገባሁ፤ የደስታ ቀን ስለሆነ ሳቀችልኝ። ሸውቂ መሬቱ ላይ ያለውን ዘይት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካና አሸተተው። እንደገና ሲያየኝ ዓይኑ የድሮው የሸውቂ ዓይን ሆኗል።

«ይኼ አዲስ ዘይት ነው። ሮንዴላዋን አግለሻታል?»

«ሙሉኪያ ጥጄ ነበር» አልኩ።

በማግስቱ ድንኳኑ ተነቀለ፣ መድረኩ ፈረሰ፣ ወንዶቹም መኪኖቹን ከመስጊዱ ጥግ እየገፉ በየቦታቸው መለሱ። እኔ ድስቴን አውርጄ ሮንዴላዋን እሳቱ ላይ አስቀመጥኩና እስክትቀላ ጠበቅኩ። ሸውቂ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያዘኝ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ዘይቷን ሞላሁ፣ ካንዴላዋን መለስኩ፣ ረገጥኳት። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሁለቱን የመልሕቅ ሰንሰለት ለባለቤቶቹ መልሼ ስመጣ ሀጂ ባዩሚ ከሰገነታቸው ያዩኝ ነበር። ሦስተኛውን፣ የሸውቂን ሰንሰለት፣ ልቆልፍ ስል ሸውቂ «ተይው ዛሬ» አለኝ።

ተውኩት። ካንዴላዋን ግን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። ጎረቤቶቼን አምናለሁ፤ የማላምነው እሷን ነው።